የሥዕል መርሐ ግብሩን ሰቅያለሁ፤ ልጆቹ ግን አያዩትም

ጠመኔ በእጄ — ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 2:15

ሰላም የሙያ አጋሮቼ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል መምህርት ነኝ። ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ዘጠኝ ልጆች አሉኝ፤ አራቱ ኦቲዝም፣ አምስቱ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። አንዲት ረዳት አለችኝ።

ክረምት ላይ ሥልጠና ወስጄ ስመለስ የቀኑን መርሐ ግብር በሥዕል ሠራሁ። ከኢንተርኔት ሥዕሎች መርጬ በቀለም አሳተምኩ፣ በላሚኔሽን አስለበጥኩና ከጥቁር ሰሌዳው በላይ በረድፍ ሰቀልኳቸው፦ ሰንደቅ ዓላማ፣ ቁርስ፣ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ቁጥር፣ ዕረፍት፣ ፊደል፣ ምሳ፣ ወደ ቤት። ወጪው ከኪሴ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ነገር ስለሆነባቸው አዩት። አሁን ማንም ቀና ብሎ አያየውም። አንድ የ9 ዓመት ልጅ ዕረፍት ባበቃ ቁጥር በሩ ላይ ተኝቶ ይጮኻል። እኔ ሥዕሉን እያመለከትኩ «አሁን ፊደል ነው» እለዋለሁ፤ እሱ ጆሮውን ይደፍናል።

ሁለተኛው ጭንቀቴ መዝገቡ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ 14 ዓምድ ያለው የመከታተያ ቅጽ አዘጋጅቼ አራት ቀን በትክክል ሞላሁ። ቀጥሎ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ በማስታወስ መሙላት ጀመርኩ። አሁን የሳምንቱን ሁሉ ዓርብ ከሰዓት በአንድ ጊዜ እሞላለሁ። ይህ ግምት እንጂ መዝገብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ሲያዩ አመሰገኑኝ፤ ምስጋናው አሳፈረኝ። እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?

---

የጣና ዳር መምህር — ጥቅምት 6፣ ማታ 3:40

እህቴ፣ ግምቱን ግምት ብለሽ በመጥራትሽ አከብርሻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ብዙ ሙሉ ፋይል አይቻለሁ፤ በውስጡ ልጁን ያገኘሁበት ግን ጥቂት ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። ሥዕሉ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ብሏል? ቀኑን ሙሉ ሥዕሉን በእጁ የሚነካው ማን ነው? እያንዳንዱ ልጅ ሥዕሉን ከነገሩ ጋር ማገናኘት እንደሚችልስ ፈትነሻል?

ከጥቁር ሰሌዳ በላይ የተሰቀለ ሥዕል የሚያገለግለው እንግዳን ነው። መርሐ ግብሩ ልጁ በእጁ የሚሠራበት መሣሪያ መሆን አለበት። ካርዱን ራሱ ይነቅላል፤ ወደ ሥራው ቦታ ይዞት ይሄዳል፤ ሥራው ሲፈጸም «አለቀ» የሚል ኪስ ውስጥ ይከተዋል፤ ተመልሶ ቀጣዩን ያያል። ካርዱ ካልተነቀለ ለልጁ ጊዜው አልተንቀሳቀሰም።

ይህን አሠራር በስፋት ያስተዋወቀው ቲች የሚባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ነው። ኤሪክ ሾፕለርና ባልደረቦቹ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሥራ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የክፍለ ግዛቱ መደበኛ አገልግሎት ሆኗል። ቃል ከአፍ እንደወጣ ይጠፋል፤ ሥዕል ግን ልጁ ተመልሶ እስኪያየው ባለበት ይቆየዋል። የአሠራሩ እምብርት ይኸው ነው፤ ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

ስለዚህ ከላይ አውርጂውና በልጆቹ ደረት ቁመት አድርጊው። ደግሞም ለዘጠኙ አንድ ዓይነት አይሁን። ሥዕል ያልገባው ልጅ በዕቃ ይጀምር፤ ኳስ ለዕረፍት፣ የራሱ ኩባያ ለምሳ፣ ቦርሳው ወደ ቤት ለመሄድ። ዕቃው ከገባው ወደ ፎቶ፣ ከፎቶ ወደ ሥዕል፣ በመጨረሻም ወደ ጽሑፍ ይሻገራል። በሩ ላይ ለሚተኛው ልጅ ስምንት ሥዕል ብዙ ነው። ሁለት ብቻ ስጪው፦ «መጀመሪያ» እና «ቀጥሎ»። ሲጮኽ ደግሞ ቃል አትጨምሪበት። ጆሮውን የደፈነው ቃሉ ስለበዛበት ይመስለኛል።

---

ጠመኔ በእጄ — ጥቅምት 8፣ ማታ 1:30

መምህር፣ ጥያቄዎ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ፈተንኳቸው። አሥር ሥዕሎችን ይዤ ከየልጁ ጋር ለብቻ ተቀመጥኩና ሥዕሉን ከዕቃው ወይም ከቦታው ጋር እንዲያገናኙ ጠየቅኳቸው። አራት ልጆች ሰባትና ከዚያ በላይ አገናኙ። ሁለቱ ግማሽ ያህሉን። ሦስቱ ምንም አላገናኙም፤ ከሦስቱ አንዱ የበሩ ልጅ ነው።

ስሕተቱ የእነሱ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የ«ወደ ቤት» ሥዕሌ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነበር። እነዚህ ልጆች በእግር ወይም በሚኒባስ ታክሲ ነው የሚመጡት። የ«ምሳ» ሥዕሌ ሳንድዊች ነው፤ እኛ የምንበላው እንጀራ በወጥ ነው። የ«ሽንት ቤት» ሥዕሌ ነጭ መቀመጫ ሲሆን የእኛ ሽንት ቤት ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለው። አንዲት ልጅ ነጩን መቀመጫ ስታይ «ወንበር» አለችኝ። ልክ ናት።

ዛሬ በስልኬ የራሳችንን በር፣ የራሳችንን የምሳ ሣህን፣ የራሳችንን የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ፎቶ አነሣሁ። ሣህኑን ያለ ሰው፣ በሩንም ብቻውን ነው ያነሣሁት፤ በፎቶ ውስጥ ሌላ ነገር ካለ ልጁ የሚያየው ያንን ሌላውን ነገር ስለሆነ።

---

ባቄላ — ጥቅምት 8፣ ማታ 2:05

መምህርት፣ ሥዕል ለገባቸው አራት ልጆች አራሳክ የሚባለውን የሥዕል ክምችት እይው። የስፔን የአራጎን አስተዳደር ያሠራው ነው፤ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ በነፃ ይወሰዳል። እኔ እየመረጥኩ እጠቀምበታለሁ። ምግብንና ቦታን ግን ምንጊዜም በራሴ ፎቶ ነው የምሠራው።

ላሚኔሽን ውድ ከሆነብሽ የካርቶን ቁራጭና ሰፊ ግልጽ ፕላስተር ይበቃል። ካርዱ የሚለጠፍበትን ቬልክሮ ከልብስ ስፌት ዕቃ ሻጮች በሜትር ግዢው። ሻካራውን ወገን ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ፣ ለስላሳውን ካርዱ ላይ አድርጊ፤ ካቀላቀልሽው ከወር በኋላ ግማሹ ካርድ አይጣበቅም።

---

የአንድ ልጅ እናት — ጥቅምት 9፣ ጠዋት 4:20

እኔ መምህርት አይደለሁም። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ቃሉን ራሱን ብዙዎቻችን የሰማነው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱና በአደባባይ መናገር ከጀመሩ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ እናቶች ልጃቸውን ይዘው ከጠበል ጠበል ሲንከራተቱ ስሙን እንኳ የነገራቸው አልነበረም።

የልጄ መምህር ካርድ ሲያመጣልኝ እምቢ አልኩ። «ካርድ ከለመደ መናገር ይተዋል» ብዬ ፈራሁ። ይህን ፍርሃት እናንተም ከወላጆች ትሰሙታላችሁ፤ እባካችሁ አትቆጡባቸው። መምህሩ አልተከራከረኝም። አንድ የውሃ ካርድ ብቻ ሰጠኝና እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ። ባለቤቴ ከልጁ ጀርባ ተቀምጦ እጁን ይመራል፤ እኔ ፊት ለፊት ውሃ ይዤ እጄን ዘርግቼ ዝም እላለሁ፤ ካርዱን ሲሰጠኝ ወዲያውኑ «ውሃ!» ብዬ እሰጠዋለሁ። ዝምታው ከበደኝ። «ምን ትፈልጋለህ?» ማለት ያምረኝ ነበር።

ሁለት ወር ፈጀ። ልጄ በአምስተኛው ወር ካርዱን እየሰጠኝ «ው» ማለት ጀመረ። አሁን «ውሃ» ይላል። አረፍተ ነገር አይናገርም፤ ተአምር ሆነልኝ አልልም። ነገር ግን ውሃ ሲጠማው ግድግዳ ላይ ራሱን መምታት ቀርቷል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ልመና አለኝ። በክፍል ውስጥ የምትጠቀሙበትን ካርድ ሁለተኛ ቅጂ ለቤት ስጡን። በጋውን የተለማመደው ሁሉ በክረምቱ ዕረፍት ይጠፋል፤ ከአንዴም ሁለቴ ደርሶብኛል።

---

የጣና ዳር መምህር — ጥቅምት 9፣ ቀን 6:50

እመቤቴ፣ የገለጹት አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት በ1985 (እ.ኤ.አ.) በዴላዌር የጀመሩት የሥዕል ልውውጥ ዘዴ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ዘዴው ስድስት ደረጃዎች አሉት። ልጁ ሥዕሉን ከማመልከት ይልቅ ለሰው እንዲሰጥ የሚደረገው መግባባት በሁለት ሰዎች መካከል መሆኑን እንዲማር ነው። ፊት ለፊት ያለው ሰው ዝም የሚለውም ልጁ ጥያቄን መጠበቅ እንዳይለምድ ነው። ሥዕል ንግግርን ያግዳል ለሚለው ሥጋት ጥናቶች ማስረጃ አላገኙለትም፤ በአንዳንድ ልጆች ላይ እንዲያውም ንግግር ሲጨምር ታይቷል።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ — ጥቅምት 10፣ ሌሊት 9:10

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ሀገር ቤት ሳለሁ የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ እዚህ በልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳት ሆኜ አሥረኛ ዓመቴ ነው።

ስለ መዝገቡ ልናገር። እዚህ ሀገር በ1975 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ልጅ በጽሑፍ የተዘጋጀ የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲኖረው ያዛል፤ በዕቅዱ ውስጥ የሚለካ ግብ ይኖራል፣ ወላጅም የልጁ ሂደት በየጊዜው ይነገረዋል። ግዴታው ስላለ ወረቀቱ አለ። ነገር ግን ሁሉ ነገር በተሟላበት ክፍልም ቢሆን 14 ዓምድ ያለው ቅጽ በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ሲሆን አይቻለሁ። ስለዚህ እህቴ፣ ጥፋቱን ራስሽ ላይ አታብዢ፤ ቅጹ የተሠራው ክፍሉን ለማያውቅ ሰው ነው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ግብ፣ ለሁለት ሳምንት። ግቡ በዓይን የሚታይ ይሁን። «ትኩረቱ ይሻሻላል» አይለካም። «ከዕረፍት በኋላ ደወሉ በተደወለ በ5 ደቂቃ ውስጥ ቦታው ይቀመጣል» ይለካል። ከዚያም በቁጥር ፈንታ የእርዳታውን መጠን በአንድ ፊደል እጽፋለሁ፦ ብ ብቻውን፣ ጠ በጥቆማ፣ ቃ በቃል፣ እ በእጅ ተይዞ። አንድ ፊደል ለመጻፍ ሁለት ሴኮንድ በቂ ነው። ወሩን ሙሉ «እ» የነበረው ልጅ ወደ «ጠ» ከሄደ «ተሳካ» ወይም «አልተሳካም» ብቻ የሚል ቅጽ የማያሳየውን እድገት ታያለሽ። ከሁሉ ይልቅ «ቃ»ን ጠርጥሪ፤ በቃል የሚሰጥ እርዳታ ለመተው በጣም አስቸጋሪ ነው፤ ልጁ ድምፅሽን ሳይሰማ እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል።

ዘጠኙንም በየቀኑ መመዝገብ የለብሽም። ሦስት ልጆች ዛሬ፣ ሦስት ነገ፣ ሦስት ከነገ ወዲያ። በትክክል የተያዙ ሁለት ቀናት ከአምስት የግምት ቀናት ይበልጣሉ።

---

ባቄላ — ጥቅምት 10፣ ጠዋት 2:40

የቅጽል ስሜ ምንጭ ይኸው ሥራ ነው። የመምህር ነጩ ጋዋን ሁለት ኪስ አለው። ጠዋት በቀኝ ኪሴ 20 ባቄላ እጨምራለሁ። ልጁ እጁን በነከሰ ቁጥር አንድ ባቄላ ወደ ግራው ይሻገራል። ልጆቹን ለአፍታም ሳላቋርጥ እቆጥራለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የግራውን ቆጥሬ በወረቀት አሰፍራለሁ፤ ከሰዓት እንደገና እጀምራለሁ።

ለሽልማት ደግሞ ቆርኪ እጠቀማለሁ። አምስት ክብ የተሣለበት ካርቶን አለ፤ ልጁ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር አንድ ቆርኪ ያስቀምጣል፤ አምስት ሲሞላ የሚወደውን ያገኛል። ሲያጠፋ አንድ አነሣበታለሁ።

---

የጣና ዳር መምህር — ጥቅምት 10፣ ቀን 7:15

ባቄላው ግሩም ነው። በቆርኪው ግን አልስማማም። ልጁ የሠራበትን አትንሣበት። ትናንት የሠራው ሥራ ዛሬ ባጠፋው ጥፋት አይሰረዝም። አንዳንድ መጻሕፍት እንደሚፈቅዱት አውቃለሁ። በእኔ ክፍል ግን አንድ ልጅ ቆርኪው ሲነሣበት ሰሌዳውን ገነጣጥሎ ለአንድ ወር ያህል ወደ ጠረጴዛው አልቀረበም። ሲያጠፋ አዲስ አትጨምርለት፤ ያ ይበቃል።

---

ባቄላ — ጥቅምት 10፣ ማታ 1:00

መምህር፣ ስለ ፍትሑ ያሉት ልቤን ነክቶታል። ከሰኞ ጀምሮ ማንሣቱን ትቼ አያለሁ። ሆኖም ዕድሜው 14 የሆነና ሕጉን አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ላይ ሠርቶልኛል፤ ይህንንም መሸሸግ አልፈልግም።

---

ፀጥ ያለ ክፍል — ጥቅምት 12፣ ማታ 2:30

ስለ ባሕርይ መዝገብ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥፋቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ተከተለ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያሉትን ቅጽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእኔ ረዳት የመጀመሪያውን ዓምድ «ያለ ምክንያት» እያለች ትሞላው ነበር። ያለ ምክንያት የሚባል ነገር እንደሌለ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ዓምዱን አውጥቼ ቀንና ሰዓት ብቻ እንድትጽፍ አደረግኳት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዲት ተማሪዬ ሌሎችን የመታችው 19 ጊዜ ነበር። ከ19ኙ 16ቱ ማክሰኞና ዓርብ ከ3:30 እስከ 5:00 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ምን አለ? በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል። ያን ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛው ሮቶውን ለመሙላት ከመስኮታችን ሥር ያለውን ሞተር ያስነሣል። እኛ ለምደነው አንሰማውም። ለእሷ ግን ጆሮዋ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ነው።

ሞተሩን ማንሣት አልቻልንም። በእነዚያ ቀናት በዚያ ሰዓት እሷና ረዳቷ ከመስኩ ማዶ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት እንዲሄዱ አደረግን፤ የቤተ መጻሕፍቱን ፎቶ በማክሰኞና በዓርብ መርሐ ግብሯ ላይ ጨመርን። በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት አራት ጊዜ ብቻ። ለዚያች ልጅ «ቁጡ ናት» ተብሎ ሁለት ዓመት በሪፖርት ካርዷ ላይ ተጽፎባት ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ — ጥቅምት 13፣ ሌሊት 8:25

እህቴ፣ ይህን ጽሑፍሽን ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው።

ወደ ግብ አጻጻፍ ልመለስ። እዚህ «ከሞከረው 80 በመቶውን በትክክል ይሠራል» የሚለው በየዕቅዱ ይገባል፤ ለፊደልና ለቁጥር ይሁን።

---

የጣና ዳር መምህር — ጥቅምት 13፣ ጠዋት 3:00

ለፊደል ይሁን። መንገድ ማቋረጥን 80 በመቶ ማወቅ ግን ከአምስት አንዴ መኪና ፊት መግባት ነው። ለመንገድና ለእሳት መቶ ጻፉ፤ እስኪደርስም የልጁ እጅ ከእጃችሁ አይውጣ።

---

ፀጥ ያለ ክፍል — ጥቅምት 13፣ ማታ 1:45

መምህርት ጠመኔ፣ በሩ ላይ ስለሚተኛው ልጅ አስቤ ነበር። ዕረፍቱ ለእሱ በድንገት ነው የሚያልቀው፤ ሰዓት አያነብም፣ ደወሉ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ፍርድ ይዞ ይመጣል። ውጭ ሀገር ቀዩ ክፍል እየጠበበ የሚሄድ ሰዓት ይጠቀማሉ። እኔ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እያንጠባጠብኩ ሞክሬ ልጆቹ በውሃው ስለተጫወቱ ትቼዋለሁ። የሠራልኝ የካርቶን ቁራጭ ነው። አምስት ባለ ቀለም ካሬዎችን በቬልክሮ ደርድሪ፤ ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው በየደቂቃው አንዱን ንቀዪ፤ የመጨረሻውን ራሱ ይንቀለው። ከዚያ ወደ ክፍል የሚመለስበት ሥራ ስጪው። ኳሱን ወደ ሣጥኑ የሚመልሰው እሱ ይሁን።

---

ጠመኔ በእጄ — ኅዳር 10፣ ማታ 2:00

አንድ ወር ያህል ጠፋሁ፤ የምናገረው እስኪኖረኝ ነበር።

መርሐ ግብሩ ከግድግዳው ወርዷል። አራት ልጆች የየራሳቸው የሥዕል ሰሌዳ፣ ሁለቱ ፎቶ፣ ሦስቱ ዕቃ በቅርጫት አላቸው። ቅጹ አንድ ገጽ ሆኗል፤ ዘጠኝ ስም፣ ዘጠኝ ግብ፣ አራት ፊደላት። በጋዋኔ ኪስ ታጥፎ ይገባል።

የበሩን ልጅ በስልኬ ሰዓት ለክቼዋለሁ። ከለውጡ በፊት በነበሩት አምስት ቀናት ከደወሉ እስከ መቀመጫው 17፣ 22፣ 9፣ 19 እና 25 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ባለፈው ሳምንት 4፣ 3፣ 11፣ 2 እና 5። አሥራ አንድ የሆነበት ቀን ዝናብ ስለነበረ ዕረፍቱን ክፍል ውስጥ አሳለፍነው፤ ኳሱ አልወጣም፤ የሚመልሰው ነገር አልነበረውም። ይህን የነገረኝ መዝገቡ ነው፤ ባልጽፈው ኖሮ «ዛሬ ከፋው» ብዬ አልፌው ነበር።

ለሁሉም አልሠራም። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በዕቃውም ቢሆን እስካሁን «እ» ላይ ናት። ምናልባት ለእሷ የመረጥኩት ግብ የእኔ ፍላጎት እንጂ የእሷ አይደለም። በዚህ ሳምንት እናቷን ቤት ሄጄ አያታለሁ።

ሱፐርቫይዘሩም መጥተው ነበር። ፋይሉ ቀጥኖ ሲያገኙት ፊታቸው ተለወጠ። ክርክር አልፈለግሁም፤ የበሩን ልጅ አሥር ቁጥሮች ብቻ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም የዕረፍቱ ደወል እስኪደወል ጠብቀው ልጁ ኳሱን ይዞ ሲገባ ተመለከቱ።

---

የአንድ ልጅ እናት — ኅዳር 10፣ ማታ 3:10

እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። የ13 ዓመቷን እናት ስታገኚያት ከትምህርቱ በፊት ስለ እንቅልፏ ጠይቂያት።

ሌላው፣ ከነገ ወዲያ ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሲታጠን በየደጃፉ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ጭሱ ክፍል ድረስ ይገባል። ልጄ ባለፈው ዓመት ሽታውን ሲሰማ ቤታችን የተቃጠለ መስሎት ሲሮጥ ነበር። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ በቤታችን እንቁላል ይቆማል። እኔ በእንቁላሉ ፎቶ ላይ ቀይ መስመር አስምሬ ከአጠገቡ የሽሮውን ፎቶ እለጥፋለሁ፤ የገናን ዕለት መስመሩን የሚያነሣው እሱ ነው። ልጆችሽ ለውጥ ሲመጣ አስቀድመው የሚያዩት ካርድ አላቸው?

---

ጠመኔ በእጄ — ኅዳር 10፣ ማታ 3:25

የላቸውም። ነገ ጠዋት ከማስተማሬ በፊት የጥበቃ ሠራተኛውን ለምኜ ትንሽ ቅጠል አቃጥዬ ጭሱን ፎቶ አነሣለሁ። ለዘጠኙም አሳትማለሁ፤ ለዕቃ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ጥቂት ዕጣን በጨርቅ ቋጥሬ አሸትታቸዋለሁ። ሁለተኛውን ቅጂ ለየቤታቸው ነገ ከሰዓት በቦርሳቸው እልካለሁ።